ሦስተኛው ጥይት

መሐል ሜዳ ከተማ ሚኒባስ እስኪሞላ ሻይ ቤት ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ስለ አዲስ መድፍ ያወራል። ጥይቱ ከሳተላይት መረጃ እየተቀበለ አየር ላይ ራሱን ያርማል አሉ፤ ከሩቅ ተተኩሶ የታዘዘውን ቤት ከጎረቤቱ ለይቶ ይመታል። አጠገቤ የነበረው ጎረምሳ መድፈኛ እንደነበርኩ ያውቃልና «የናንተስ እንዲህ ነበር?» አለኝ።

«የኛማ የት እንደሚወድቅ የሚያውቀው እግዜር ነው» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ዋሽቼዋለሁ። የኛም ጥይት መሪ ነበረው፤ መሪው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ኮረብታ ላይ ሆኜ ጥይቱ የወደቀበትን በመነጽር እያየሁ ተኳሾቹን በሬዲዮ ማረም ነው። አንድ ቀን አንድ ቤት አሳዩኝ፤ ውስጡ ተዋጊ አለ ተባለ። በመነጽር ሳየው ደጁ ላይ ብቅል እንዲደርቅ ተሰጥቷል። የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ብቅል ያሰጣ ቤት ድግስ ያሰበ ቤት መሆኑ አይጠፋኝም። ይህን መናገር ነበረብኝ። አለቃዬን ፈራሁ። የመጀመሪያው ጥይት አለፈ፣ ሁለተኛው አጠረ። «ትንሽ ወደ ፊት» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሦስተኛው ቤቱን አገኘው።

አገሬ ስገባ ለነፍስ አባቴ «ጥይት ስቶብኝ ቤት መታሁ» ብዬ ተናዘዝኩ። ሳያውቅ ለበደለ ሰው የሚሰጥ ጾምና ስግደት ሰጡኝ። ጨረስኩ፤ ፈቱኝም። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልቆረብኩም።

ሚኒባሱን ተውኩና ወደሳቸው ሄድኩ። አርጅተዋል፤ የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባ፣ ያ ጥይት አልሳተም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ሳያውቅ የበደለ ሰው ንስሐውን ሲጨርስ ይቆርባል። አንተ ስንት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አላለፍህም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«አንተው እንድትነግረኝ ብዬ ነዋ። ሳትነግረኝ እንዳልሞት ፈርቼ ነበር።»

አለቀስኩ። ለቅሶዬ ለሟቾቹ ይሁን ለራሴ እስካሁን አላውቅም። አባ ቤቱ ውስጥ ማን እንደነበር ጠየቁኝ።

«ሰው አላየሁም፣ አባ። ያየሁት ብቅሉን ብቻ ነው።»

«ብቅሉንስ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ማን አሰጣው?»