ለአንድ ሰው ሰልፍ ያመጣው የባጃጅ አፕ

ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ ጎረቤታችንን እማማ ጥሩን ለመጫን የባጃጅ መዓት መጣላቸው!

ጓደኛዬ ደሳለኝ በስልክ ባጃጅ የሚጠራ አፕ ሠርቷል። ትናንት «ፈትንልኝ» ሲለኝ መጥሪያውን ደጋግሜ ተጫንኩት። «አንተ ቀልደኛ፣ ሰው አንዴ ነው የሚጫነው!» ብሎ ስልኩን ነጠቀኝ።

ዛሬ የባጃጅ ሾፌሮች አፑን አይተው በእሱ ለመሥራት ሊወስኑ ተሰብስበው ሳለ፣ ደሳለኝ ስልኩን እማማ ጥሩ እንዲሞክሩት ሰጣቸው። ኔትወርኩ ሲዘገይባቸው ምን ያድርጉ? ደጋግመው ተጫኑት። በተጫኑት ቁጥር አንድ ባጃጅ!

«ልጄ፣ እኔ እኮ አንድ ሰው ነኝ» አሉት። ሾፌሮቹም «አስተካክለህ ና» ብለውት ተበተኑ።

እና ማን ላይ ተናደደ? እኔ ላይ! «አሟረትክብኝ» ይለኛል። ወንድሜ፣ መፈተን ማለት እኮ ለማበላሸት መታገል ነው!

እናንተስ ጋ ሠሪው ሲነካው ብቻ የሚሠራ ምን አለ? እኛ ቤት አባቴ የገጠመው በር አለ፤ ከእሱ በቀር ለማንም አይከፈትም።