ከኮሌታው ሥር

ጁባ፣ አማራት ሰፈር ልብስ ስፌት በከፈትኩ ሰሞን፣ በስደት ኢትዮጵያ ያደገች ደንበኛዬ ከገበያ የገዛችውን የሰልባጅ ሸሚዝ «አጥብቢልኝ» ብላ አመጣች። እንደ ልማዴ ኮሌታውን ስገለብጠው ጮህኩ። ከሥሩ ትንሽ አረንጓዴ የክር ቋጠሮ ነበረች!

አዲስ አበባ ለፈረንጅ አገር በምንሰፋበት ፋብሪካ ማውራት ክልክል ነበር፤ ሽንት ቤት እንኳ በፈቃድ ነው። እኛም በእልህ በየሸሚዙ ኮሌታ ሥር የየራሳችንን ቋጠሮ እንደብቅ ነበር። የኔ ቀይ ነው፤ አረንጓዴው ከጎኔ የምትሰፋው ልጅ።

«እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለች ደንበኛዬ። ስነግራት ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዝም በሉ የሚል አለቃ አሁን የት አባቱ ይመጣል!

ሸሚዙን አጠበብኩላት። አረንጓዴዋን ግን ሳልነካ ከጎኗ ቀይ ቋጠርኩላት። እስኪ አሁን እንደ ልባቸው ያውሩ።