«አይወጣም» የተባለው እትም

በቤተ መጻሕፍታችን ሁላችንም «ነጠላ ሰረዝ» ነው የምንላት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን ስታወራ በየሦስት ቃሉ ቆም ትላለች፤ ደብዳቤ ስታነብም መጀመሪያ የምታየው ነጠላ ሰረዙ በቦታው መዋሉን ነው። ካታሎግ ክፍል ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። እኔ ውሰት ጠረጴዛው ላይ ነኝ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ መስታወት ስለሆነ ስታዝን ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ፤ መነጽሯን አውልቃ ምንም ያልነካውን የመነጽሩን መስታወት ትወለውላለች። ያን ዓመትማ በመወልወል ብዛት መነጽሩ ሊያልቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም!

ነገሩ የተጀመረው በጋሼ ነው። ጋሼ የቀድሞ ኃላፊያችን ናቸው፤ እሷንም እኔንም ሥራ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ሁለት ጥብቅ ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ የተጠየቀው መጽሐፍ ከሌለን አንባቢን «የለንም» ብሎ መሸኘት ክልክል ነው። ወፍራም ደብተር አለ፤ የመጽሐፉ ርእስ፣ ቀኑ፣ የጠያቂው ሥራ፣ በምትኩ የሰጠነው ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ደብተሩን «የየለንም መዝገብ» እንለው ነበር። አናጺው ስለ ደረጃ አሠራር፣ ነርሷ ስለ ቃጠሎ ቁስል፣ አንዲት አሮጊት ደግሞ «ያ ሽፋኑ አረንጓዴ የነበረውን» ጠይቀዋል፤ ሁሉም ተጽፏል። በሃያ ሁለት ዓመት አሥራ አንድ ደብተር ሞላ። በየዓመቱ ምን እንደሚገዛ ጋሼ የሚወስኑት እሱን አገላብጠው ነበር።

ሁለተኛው ሕግ የመጽሔት ነው። አዲስ እትም ተከታዩ እስኪመጣ ድረስ ከንባብ ክፍሉ ንቅንቅ አይልም። ለማንም! አንድ ጊዜ የበላይ አለቃቸው «ለአንድ ቀን ብቻ» ብለው ቢለምኗቸው፣ ወንበር ስበውላቸው «እዚሁ ያንብቡ፣ ሻይ አስመጣልዎታለሁ» አሏቸው። ለዚሁ ብለው ያስቀረጹት ቀይ ማኅተም አለ፤ «አይወጣም» ይላል። ፖስታ ሲከፈት መጀመሪያ የሚደረገው እሱን ሽፋኑ ላይ መምታት ነው።

ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ዓመት ጋሼ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ቀን፣ ከዚያ ሰው። ነጠላ ሰረዝ አንድ ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ሄደች፤ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«ደብተሮቹን፣ ልጽፋቸው ነው፣» አለችኝ።

«ተጽፈው የለ እንዴ? ልትገለብጫቸው ነው?»

«ጥናት ላደርጋቸው ነው። ለቤተ መጻሕፍት አስተዳደር መጽሔት፣ እልከዋለሁ። የጋሼ ስም ከላይ፣ የኔ ከሥር። ስማቸውን አይተው፣ ‹የኔ ነው› ማለት ሳያቅታቸው፣ መውጣት አለበት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

መነጽሯን አወለቀች። «እሱን፣ አትጠይቀኝ።»

መጽሔቱ የሙያ ማኅበራችን ነው። በዓመት አራት ጊዜ ይወጣል፤ የሚጽፉትም የሚያነቡትም የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ናቸው። ግን የጸሐፊዎች መመሪያው! ሰባት ገጽ ሙሉ! ጽሑፉ ከአሥራ ሁለት ገጽ አይብለጥ፣ አኅጽሮተ ጽሑፉ ከሁለት መቶ ቃል አይለፍ፣ በዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ ከዓመተ ምሕረቱ በኋላ ነጥብ እንጂ ነጠላ ሰረዝ አይግባ። ይህን ስታነብ ፊቷ በራ፤ እንደሷ የሚያስብ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ያን ቀን ነው ያወቀችው።

ከዚያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ጥያቄ አንድ በአንድ ቆጠረች። በየርእሱ ደለደለች፤ በኋላ ተገዝተው ጠያቂያቸው እጅ የገቡትን ለየች። የምሳ ሰዓቷን ሥራው በላው፤ እሷ ግን ምሳ አልበላችም። አራት ወር እንዲህ አለፈ።

መመሪያው አንድ ሌላ ነገር ይላል። ጽሑፉን የሚያዩት ሁለት ገምጋሚዎች የማን እንደሆነ ማወቅ የለባቸውም፤ ስለዚህ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ምስጋና ሁሉ ይሰረዝና ለብቻው በሌላ ገጽ ለአዘጋጁ ይላክ። ነጠላ ሰረዝ የጋሼን ስም ከአሥራ ሰባት ቦታ ሰረዘች። በምትኩ «የመዝገቡ ያዥ» ብላ ጻፈች። በመስታወቱ አየኋት፤ አንዱን ስም በሰረዘች ቁጥር ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር።

ላከችው። ሦስት ወር ከመጽሔቱ መልስ አልመጣም። በመካከሉ የጋሼ ባለቤት፣ እትዬ፣ ውሰት ጠረጴዛው ላይ ባለው ስልክ ደወሉ፤ እሷን ጠራሁላቸውና አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ።

«ልጄ፣ ቶሎ በይ እንጂ! ዛሬ ማድ ቤት ድረስ መጥቶ ‹ምን ልርዳዎት?› አይለኝም መሰለሽ? አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሴትዮ!»

«ምን አሏቸው፣ እትዬ?»

«ምን እላለሁ፣ የልብስ ስፌት መጽሐፍ ይኖራችኋል ወይ አልኩት። ‹ለጊዜው የለንም፣ ይመዝገብልዎ› ብሎ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ጻፈልኝ።» ሳቁ። ሳቃቸው ግን ሳቅ ሆኖ አላለቀም።

መልሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንደኛው ገምጋሚ ወዶታል፤ «ሠንጠረዥ ሦስት ይስተካከል» ብቻ አለ። ሁለተኛው ግን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «የመዝገቡ ያዥ ማን እንደሆነ አልተገለጸም። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የሰበሰበውን መረጃ በምን እንመን?»

ወረቀቱን ይዛ ሮጣ መጣች። ሳታቆም ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ስሙን ሰርዢ ብለው አሰርዘውኝ ስሙ የት ሄደ ይሉኛል!»

«ታዲያ ጻፊላቸዋ! ይገላገሉ!»

«አይቻልም። ከጻፍኩት፣ ግምገማው ይፈርሳል። እንደገና፣ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።» ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ጋሼ ደግሞ፣ ከዜሮ ተጀምሮ እስኪያልቅ የሚጠብቁበት ጊዜ፣ የላቸውም።»

ሁለት ሳምንት አሰበችና መለሰች፦ «የመዝገቡ ያዥ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም አንባቢ ‹የለንም› ተብሎ ባዶ እጁን እንዲወጣ ያልፈቀደ ባለሙያ ነው። ስሙ በአዘጋጁ እጅ ባለው ገጽ ላይ ይገኛል።» ጽሑፉ ተቀባይነት አገኘ። ግን የሚወጣው በሚቀጥለው እትም ሳይሆን ከሚቀጥለው በኋላ ባለው ነበር።

እትሙ በአንድ ዓርብ ቀን መጣ። ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ሁለት ቅጂ ነበር፤ አንዱ የቤተ መጻሕፍቱ፣ አንዱ ለጸሐፊዋ የተላከ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! እጄ ከኔ ቀድሞ ማኅተሙን አነሣ። ጧ! ጧ! ሁለቱንም መታኋቸው። የሷ ቅጂ ላይ የተያያዘውን የእንኳን ደስ ያለሽ ወረቀት ያየሁት ከመታሁ በኋላ ነው።

«ምንም አይደል፣» አለችኝ ነጠላ ሰረዝ፣ «ስማቸው ያለው፣ ውስጡ ነው።» እኔንም አጽናናችኝ፤ ቅዳሜ አብረን ሄድን።

ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ላይ ብርድ ልብስ አለ። ሁለታችንንም በትሕትና አዩን። «ምን ልርዳችሁ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይኸን፣ ይዤልዎት መጥቼ ነው።»

በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ሽፋኑን አዩ። ቀዩ ማኅተም ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ፤ ጀርባቸው ቀና አለ። ያ የድሮው ኃላፊያችን ተመልሶ መጣ!

«ይሄ ከየት ወጣ?»

«የኔ ነው፣ ጋሼ። የራሴ ቅጂ ነው።»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው።»

«ገጽ አርባ አንድን ብቻ ይግለጡት፣ እባክዎን። ስምዎ...»

«አንባቢ ነገ መጥቶ ቢያጣው ምን ልትዪው ነው? የለንም? በእጃችን እያለ የለንም?»

እኔ ገባሁበት። «ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ።»

ዞር ብለው አዩኝ። «አንተ ነህ የመታኸው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ። ሥራህን ሠርተሃል።»

በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም። ያን ቀን ባይሉኝ ምን ነበረበት!

መጽሔቱን ሳይገልጡ መለሱላት። «ዛሬውኑ ቦታው አድርሺው። ቃል ግቢልኝ።» ቃል ገባች። ቃሏንም ጠበቀች፤ ቅጂዋን ከቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ ጎን ደረደረችው። ሰኞ ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አንሥታ ማክሰኞ ወሰደችላቸው።

«ዋናው የት ነው?» አሏት።

«በቦታው ነው፣ ጋሼ።»

«በቦታው ከሆነ ጥሩ።» ወረቀቱን እንደታጠፈ የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በኋላ ቃል ከአፋቸው ብዙም አልወጣም። በሰባተኛው ሳምንት አረፉ። እትዬ ኮቱን ሲያጥፉ ወረቀቱን አገኙት፤ ነጠላ ሰረዝ ባጠፈችው እጥፋት እንዳለ ነበር።

ተከታዩ እትም ከዚያ በኋላ አንድ ወር ቆይቶ መጣ። ማኅተሙን መታሁ፤ የቀደመው ነጻ ወጣ። ነጠላ ሰረዝ የራሷን ቅጂ ይዛ እንደ ማንኛውም አንባቢ ተሰልፋ ጠረጴዛዬ ደረሰች።

«በማን ስም?» አልኳት፤ መጠየቅ ግዴታዬ ነው።

«ሰባት ቁጥር።»

ሰባት ቁጥር የጋሼ የውሰት ካርድ ነው፤ ማንም አልሰረዘውም። ጻፍኩት። ለእትዬ ወስዳ ሰጠቻቸው። እትዬ ገጽ አርባ አንድን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዳነበቡት፣ ስሙ ጋ ሲደርሱም ሁለት ጊዜ እንደደገሙት ነግራኛለች።

በየወሩ መጨረሻ ቀን ያለፈባቸውን ተዋሾች ዝርዝር አወጣለሁ። አዲሱ ኃላፊያችን ባለፈው ወር ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብሎ አየው።

«ይሄ ሰባት ቁጥር ማነው? ለምን ማስጠንቀቂያ አልጻፍክለትም?»

ቀና ስል ነጠላ ሰረዝ በመስታወቱ ወዲያ መነጽሯን ትወለውላለች።

«ያመጡታል፣» አልኩት።