ቀዩ የክሪኬት ኳስ ደባርቅ ገባ

ታኅሣሥ 27 ጠዋት ከጎንደር ስነሣ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ቀይ የክሪኬት ኳስ ነበር። ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ ህንዳዊ መምህር፣ ጎረቤቴ፣ ትቶልኝ የሄደው ነው። ቀዩ በቀን ብርሃን ቀናት ለሚፈጅ ግጥሚያ፣ ነጩ በመብራት ለሚደረግ አጭር ጨዋታ፣ ሮዙ ቀን ተጀምሮ ለሚመሽ መሆኑን አስረድቶኛል። በአገሩ የሰፈር ልጆች ደግሞ የቴኒስ ኳስ በኤሌክትሪክ ናስትሮ ጠቅልለው ይጫወታሉ። ሁለቱም ጨዋታ በዱላ ነውና እኔም የእኛን የገና ኳሶች ከእነዚህ ጋር ላስተያይ ፈለግሁ። ደባርቅ ውስጥ መጽሐፍ የሚደጉሱ፣ ኳስም የሚሰፉ መሪጌታ እንዳሉ ሰምቻለሁ።

ዳባት፣ ምሳ

ሚኒባሱ ለምሳ ቆመ። ጾም ስለሆነ የገብስ እንጀራ በሽሮ አዘዝሁ። ኳሱን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው አስተናጋጇ አየችው።

«ጋሼ፣ ቀይ ሥር ይዘው ነው እንዴ የሚዞሩት? እኛም እኮ አለን።»

ደባርቅ፣ ከሰዓት

ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። መሪጌታ ይትባረክን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁለት ኳስ አወጡልኝ። ከወይራ ሥር የተጠረበችው ሩር ናት፤ በቆዳ የተሰፋችው ጥንግ። ከዚያ የእኔን ተቀብለው ስፌቱን በጥፍራቸው ዳሰሱ።

«ምነው ጎበጠ? ዳዊት እንዲህ ብደጉስ ያባርሩኛል።»

«ሆን ተብሎ ነው፣ የኔታ። በስፌቱ ሲያርፍ አቅጣጫውን ይቀይራል።»

«ማጣመምም ሙያ ሆነ በለኛ።»

ዘንድሮ ጥንግ ለምን እንደሰፉ ጠየቅሁ። የአምናውን ገና ነገሩኝ። የመቷት ሩር ጎረቤታቸውን አቶ ሲሳይን ቅልጥሙ ላይ አገኘችው። በስሜን ተራሮች ወዳለው ወደ ጨነቅ ሰፈር የእንግዳ ጓዝ በበቅሎ የሚያደርስ ሰው ነው፤ ሁለት ወር አነከሰ።

«ይቅር በለኝ ልል ሄድሁ። ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ ምን አጠፉና!› አለኝ። ሽማግሌ ልላክ ብል ሽማግሌዎቹ ‹ያልተጣላ አይታረቅም› አሉኝ። ቤቴን ግን ከዚያ ወዲህ አልረገጠም። ነገ ጥንጓን አሳየዋለሁ፤ ወደ ሜዳ ከተመለሰ ይበቃኛል።»

ታኅሣሥ 28

አቶ ሲሳይ ደጃፉ ላይ የበቅሎ ኮርቻ ይጠግናል። ሰላምታው ሙሉ ነው፤ ግቡ ግን አላለንም። መሪጌታ ጥንጓን ሲዘረጉለት፣ እኔ ላግዝ ብዬ ቀዩን ኳስ አወጣሁ።

«በውጭ አገርም በቆዳ ነው የሚጫወቱት» አልሁ።

በአውራ ጣቱ ተጫነው። ኳሱ ንቅንቅ አላለም። ቡሽ በክር ተጠቅልሎ፣ ጠብቆ የተሰፋ መሆኑን ዘንግቻለሁ።

«ይኼማ ቆዳ የለበሰ ድንጋይ ነው» አለ። «የእርስዎም ያው ነው፣ የኔታ።»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። መሪጌታ ወስፌ አውጥተው የጥንጓን ስፌት ተረተሩት፤ ነጭ የበግ ጠጉር ወጣ።

«የማን በግ ነው?» አለ አቶ ሲሳይ።

«ያንተው። ስትሸልት የተረፈውን ባለቤትህ ሰጠችኝ።»

«እሷም ታውቃለች?»

«ያላወቅህ አንተ ብቻ ነህ።»

ጠጉሩን ጥቂት ጊዜ አሻሸው። «ገና ነገ ነው፤ አይደርስም እኮ።»

«ብቻዬን ከሆንሁ አይደርስም።»

ኮርቻውን ወደ ጎን አድርጎ ቆዳውን ያዘላቸው። እሳቸው ይወጋሉ፣ እሱ ጅማቱን ይስባል። ሲጨርሱ ቀና ሳይል «እግሬን በጣም አሞኝ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«ይቅር ለእግዜር።»

ከዚያ በኋላ ግቡ አለን።

ታኅሣሥ 29

ሜዳው ላይ አቶ ሲሳይ ከመሪጌታ በተቃራኒ ተሰለፈ። ገና ከመጀመሩ ጥንጓ ከመሪጌታ ዱላ ተነሥታ ጭኑን አገኘችው። ሜዳው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«አሁንስ ተቆጥቻለሁ» አለ ጭኑን እያሻሸ። «የኔታ፣ ማታ እርስዎ ቤት ነኝ፤ ሽማግሌዎቹ ያስታርቁን።»

በማግስቱ ጎንደር ገባሁ። ቀዩን ኳስ መደርደሪያ ላይ መልሼ ማስታወሻዬን ገለጥሁ። ስለ ኳሶቹ ቀለም ብዙ ጽፌያለሁ፤ ስለ ውስጣቸው አንድ መስመር ብቻ። የቡሹንም የበግ ጠጉሩንም ጽፌ ሞላሁት። ስለ ጥንግም «በቆዳ የሚሰፋ» ካልሁት ቀጥሎ «በሁለት ሰው» ብዬ ጨመርሁ።