ዶሮዎቹ በልተዋል?

ልጅ ሳለሁ ለንደን ውስጥ፣ ሰቨን ሲስተርስ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ እንኖር ነበር፤ እኔ፣ እናቴ፣ እና እናቴን አዲስ አበባ ሳለች ታሪክ ያስተማሯት ጋሽ ወንዱ። የጋሽ ወንዱ የመኖሪያ ወረቀት ገና አላለቀም ነበርና በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ክሮይደን ካለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ሄደው፣ አለሁ ብለው ሳይን ማድረግ ነበረባቸው። ሳይን ለማድረግ ሄደው ተይዘው እዚያው የቀሩ ሰዎች እንዳሉ ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አልነበረም።

ሰኞ ምሽት፣ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ፣ የኤሌክትሪክ ሂተሩን ፊታችን አድርገን እንቀመጣለን። እሳቸው አምፖል ዓይኔን ያመኛል ብለው ያጠፉታል፤ የሂተሩ ሁለት ዘንጎች እንደ ፍም ቀልተው ፊታቸውን ከታች ያበሩታል፣ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ያኔ ነው የሮማውያን ነገር የሚጀመረው። ተረት ካልኩት ይቆጣሉ። ታሪክ ነው፣ ተረት ከፈለግሽ ቴሌቪዥኑ አለልሽ ይሉኛል።

ሮም ውስጥ፣ ይሉኝ ነበር፣ መንግሥትና ሃይማኖት በሁለት በር አይገቡም። ፍርድ የሚሰጠውም፣ ጦር የሚያዘምተውም፣ ለአማልክቱ መሥዋዕት የሚያቀርበውም ያው አንድ ሹም ነው። ያ ሁሉ ሹም ታዲያ ከውጊያ በፊት ዶሮ ይጠይቃል! በሳጥን ተጭነው ከጦሩ ጋር የሚዞሩ የተቀደሱ ዶሮዎች ነበሩ፤ የተጣለላቸውን እየተስገበገቡ ከበሉ አማልክቱ ፈቅደዋል፣ እምቢ ካሉ ውጊያው ይቀራል። አንዱ የባሕር ጦር አዛዥ አልበላ ቢሉት «እንግዲያው ይጠጡ» ብሎ ባሕር ውስጥ ወረወራቸው፤ በዚያው ቀን መርከቦቹን አጣ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የዶሮዎቹ ጠባቂ ሳይበሉ በልተዋል ብሎ ዋሸ። አዛዡ ይህን ሲሰማ፣ የውሸቱ ፍዳ ለዋሸው ይሁን ብሎ ጠባቂውን ከፊት መስመር አቆመው፤ መጀመሪያ የተወረወረው ጦር ያረፈውም እሱ ላይ ነው። እዚህ ላይ እኔ እግሬን ከወለሉ ሰብስቤ ሶፋው ላይ እወጣለሁ።

ከዚያ ወዲህ የመስኮታችን እርግቦች ዶሮዎቻችን ሆኑ። ማክሰኞ ጠዋት የመስኮቱ ደፍ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ እበትናለሁ፤ ጋሽ ወንዱ ካፖርታቸውን እየቆለፉ ይጠይቁኛል፣ በልተዋል እላቸዋለሁ፣ ስቀው ይወጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። ለሳቸው ቀልድ ነበር። እኔ ግን ከልቤ አምን ነበር።

አንድ ሰኞ፣ እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ ጋሽ ወንዱ አፕላይ ያደረጉት ሁሉ ውድቅ ሆኗል ትላለች። እርግቦቹን ላባብላቸው ብዬ በዚያ ከሰዓት አንድ ሙሉ ዳቦ አበላኋቸው። በማግስቱ ጠግበው ከማዶ ጣሪያ ላይ ተደረደሩ፤ አንዷም ዝር አላለች። ፍርፋሪው በዝናብ ራሰ። ጋሽ ወንዱ ካፖርታቸውን ቆልፈው ከኋላዬ መጡ።

«እህሳ ጠባቂ፣ ዶሮዎቹ በሉ?»

«በልተዋል» አልኩ።

ማታ አልተመለሱም።

በሦስተኛው ቀን ከተያዙበት ቦታ ደወሉ። እናቴ እያለቀሰች ስልኩን ሰጠችኝ። ሳይጠይቁኝ፣ «ጋሽዬ፣ አልበሉም ነበር፤ ዋሽቼዎት ነው» አልኳቸው።



«አውቃለሁ። ከኋላሽ ሆኜ የራሰውን ዳቦ አይቼዋለሁ» አሉ። «ስሚኝ ልጄ፤ ዶሮ የሚያስጠይቀው መዋጋትም መቅረትም የሚችለው ሹሙ ነው። የተጠራ ሰው ምን ምርጫ አለው? ብትነግሪኝም እሄድ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም። በሳምንቱ ወደ አገር ቤት አሳፈሯቸው፤ ከአውሮፕላኑ ወርደው የት እንደደረሱ እናቴ ስንት ዓመት ሰው ጠየቀች፣ አየሁ የሚል አልተገኘም።

ያኔ የውሸቴን ፍዳ ከላዬ ሊያወርዱልኝ እንደፈለጉ አልገባኝም ነበር። ለወራት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ጦሩ ከየት እንደሚመጣ እያየሁ በግድግዳ ጥግ እሄድ ነበር፤ ጦሩ ግን በእኔ ፈንታ ማን ላይ እንዳረፈ ዛሬም ያንገበግበኛል። አሁን እዚሁ ለንደን፣ ኪልበርን እኖራለሁ፣ እርግብ ስለ ሰው ዕጣ እንደማታውቅም አውቃለሁ። ልጄ ጠዋት ጠዋት በመስኮት ዳቦ ትበትንላቸዋለች። «እማዬ፣ በልተዋል» ስትለኝ ግን ሄጄ በዓይኔ ሳላይ ከቤት አልወጣም።