የአቶ የሺዋስ ዓይን ዳር

ደባርቅ ውስጥ ዘመድ የሞተበት ሰው ፎቶ ይዞ የሚሄደው ወደ እስከዳር ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ተቀምጣ ፎቶውን በኮምፒውተር ወደ መስመር ለውጣ በወረቀት ታትመዋለች። ኮምፒውተሩ ግራጫ አይወድም፤ የጠቆረውን በወፍራም መስመር፣ የፈካውን በቀጭን ይተካል፤ ብርሃን ያረፈበትን ባዶ ይተወዋል። ድንጋይ ጠራቢው መንግስቴ ወረቀቱን የመቃብር ሐውልቱ እብነ በረድ ላይ ለጥፎ መስመሩን በመሮ ይከተላል፤ የተቆፈረውን በጥቁር ቀለም ይሞላል።

ፀሐይ ያከሰለው የገበሬ ፊት ግን ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እስከዳር አስቀድማ ታፈካዋለች፤ ሽብሽቡን ትጠርገዋለች።

«አንቺ ጋ የገባ ሟች ሙሽራ ሆኖ ይወጣል» ይላታል መንግስቴ።

አባቷ አቶ የሺዋስ በሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ጨነቅ በሚባለው ቦታ፣ ስካውት፣ ማለትም የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ገደል ለገደል ሲያማትሩ የዓይናቸው ዳር እንደ እርሻ ተተልሞ ነበር። እናቷ በለጠች «ይሄማ ገብስ ይዘራበታል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሲሞቱ የተገኘው ፎቶ አንድ ብቻ፣ እሱም ፊታቸው በባርኔጣ ጥላ የተሸፈነ።

«ፊቱ እንዳይጠፋብኝ ብቻ አድርጊልኝ» አሏት እናቷ።

እስከዳር ጥላውን አፈካች። ሽብሽቡ ላይ ስትደርስ ልቧ አመነታ፤ እጇ ግን የለመደውን አደረገ።

በሙት ዓመቱ፣ ፍትሐቱ አልቆ ነጠላው ከሐውልቱ ላይ ሲነሳ፣ ለቀስተኛው «እንዴት አምሮበታል!» አለ። በለጠች የድንጋዩን ዓይን ዳር በጣታቸው ዳበሱት። ልሙጥ ነው። ከዚያ ግራና ቀኝ ያሉትን ሐውልቶች አዩ።

«እስኩ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የእኛው የትኛው ነው?»

እስከዳር ቀና አለች። ያው ግንባር፣ ያው ጉንጭ፣ ያው የተጠረገ ዓይን። የደባርቅ ሟች ሁሉ ወንድማማች ሆኗል።

ሱቋ ተመልሳ ፎቶውን ሳታፈካ አስገባችው። ግማሽ ፊቱ ጥቁር ሆነ፤ ከአንደኛው ዓይን ዳር ግን ትልሙ ወጣ። እሳቸው ናቸው። ወረቀቱን ይዛ ወደ መንግስቴ ሮጠች።

«የተቆፈረ ድንጋይ ይደፈናል እንዴ?» አላት። «ወረቀት መሰለሽ?»

በለጠች እስከዳር ያመጣችላቸውን ወረቀት አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲህ መቃብሩ ጋ ሄደው አያውቁም።

በሳምንቱ አንድ ሰው የወንድሙን ፎቶ ይዞ መጣ።

«እንደ አባትሽ አሳምሪልኝ።»

«ሽብሽቡ ይቆይ?»

«ኧረ ጥረጊው! ምን ያደርግለታል?»

ጠረገችው።