ልጄን የጠቀለልኩበት ግንቦት

ሃምሳ ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አንድም ሕፃን ታቅፌ አላውቅም። ጸጉሬ ግን ጥጥ መስሎ ነበር። ካርቱም ውስጥ ጀሪፍ በሚባል ሰፈር በምንኖርበት ግቢ ልጅ የወለደ ወጣት ሁሉ ምክር ፍለጋ ወደኔ የሚመጣው በዚህ ጥጥ የተነሳ ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አንዱ እንኳ «ጋሼ፣ ለመሆኑ እርስዎ ስንት አሳደጉ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ደግሞ አፍሬ ዝም የምል እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሦስት ልጅ ፈጥሬ፣ አንዱንም ሐኪም አድርጌ አወራለት ነበር።

ደቡብ ሱዳን በተገነጠለች በዓመቱ ግቢያችን የአራሶች ግቢ ሆነ። መጀመሪያ የካርቱሟ ልጅ የምንላት ጎረቤታችን ወለደች። የኛው አገር ሰው ናት፤ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋ ግማሹ አረብኛ የሆነ፣ ባሏ ፖርት ሱዳን የሚሠራ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ከሷ በኋላ የሹፌሩ ሚስት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሹፌሩ አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ሚኒባስ የሚነዳ ጎረምሳ ነው። እሱ በወለደ በሁለተኛው ሳምንት የኔ ባለቤት ሴት ልጅ ወለደችልኝ። ሽማግሌው አባት ሆነ ተብሎ እልል ተባለ፤ እኔም እንደ ሙሽራ ስንቀባረር ከረምኩ።

አርብ አርብ ሥራ የለም። አራሶቹ ከክፍላቸው ስለማይወጡ ጥያቄያቸውን ይዘን ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር የምንሰበሰበው አባቶች ነን። ልጁ ሌሊት ለምን ያለቅሳል፣ እትብቱ መቼ ይወድቃል፣ ሆዱን ሲነፋው ምን ይደረጋል። አንዱ ያየውን፣ ሌላው የሰማውን ያወራል። ፍርዱን የምሰጠው ግን እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ ልጁን ያስነጥሰዋል» አለኝ ሹፌሩ አንድ አርብ።

«ብርድ ነው» አልኩ፣ አፉን ሳይገጥም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምን ታደርጋለህ! መስኮቱን ዝጋ፣ የሙከይፉን ማራገቢያ አጥፋ፣ ሹራብ ደርብለት፣ ኮፍያ አጥልቅለት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው። ሕፃን ብርድ የሚገባው በአናቱ ነው።»

በአናቱ የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሲነገር ግን ደስ ይላል።

የካርቱሟ ልጅ እዚያው አጠገባችን ልብስ እያሰጣች ነበር። ስምንት ወር የሆነው ልጇ በዳይፐር ብቻ ምንጣፍ ላይ ይድሃል።

«ጋሼ፣ ግንቦት እኮ ነው» አለች ዞራ። «ወላሂ እኛ ትልልቆቹ እየሞትን ነው። የምን ብርድ?»

«አንቺ ደግሞ አትግቢ» አላት ሹፌሩ። «ያንቺ ልጅ ሱዳን ሆኗል፣ ራቁቱን ይውላል። የኛ የሐበሻ ልጅ ነው።»

«የኔስ የምን ልጅ ነው? የፍየል?»

«ፍየል እንኳ ጸጉር አላት» አልኩ እኔ። «አንቺ እኮ ቋንጣ ልታደርጊው ነው!»

ኒሙ ሥር የነበረው ሁሉ ተንከተከተ። ልጅቷ የልብስ መቆንጠጫውን ባልዲ ውስጥ ወርውራ ልጇን አንስታ ገባች። እኔ ቀልዴ ስለተወደደልኝ ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

አሁን እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ስጽፈው እንኳ ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል። የእንጀራዬ ነገር ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ፍሪጅና ሙከይፍ እጠግናለሁ። ሙከይፍ ማለት መስኮት ላይ የሚሰቀል፣ በገለባና በውሃ አየር የሚያቀዘቅዝ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የካርቱምን ሰው ሳቀዘቅዝ ኖሬያለሁ። ለደንበኛ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ፍሪጁን ከግድግዳ አርቁት፣ ጨርቅ አታልብሱት፣ ሞተሩ ካልተነፈሰ ይቃጠላል። ይህን ብዬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ቤቴ እገባና ልጄን እጠቀልላለሁ።

የተወለድኩት ደባርቅ ነው። እዚያ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጥቶ ይታያል። እዚያ ሕፃን መጠቅለል ነፍስ ማዳን ነው። ደባርቅን ትቼ ስወጣ ዘመዱንም፣ ስሙንም፣ መንገዱንም ረሳሁና ብርዷን ብቻ ይዤ ካርቱም ገባሁ።

ልጄ አራተኛ ሳምንቷን ስትይዝ አንገቷ ሥር ቀይ ሽፍታ ወጣባት። ሹፌሩ ምች ነው አለ። ሚስቱ አብሽ አፍልታ ላከችልን። ሌላው ቅቤ ቀቧት አለ። እኔ ሁሉንም ተቀብዬ በላዩ ጋቢዬን ጨመርኩበት። ገላዋን ስንነካው ይፋጃል። ትኩሳት ነው አልን። ትኩሳት ካላት ብርድ መቷታል፤ ብርድ ከመታት መጠቅለል ነው። ስንጠቀልላት ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ሲጨምር ደግመን እንጠቀልላለን። ባለቤቴ አንዴ ሙከይፉን ልትከፍተው ብትነሳ፣ ሽቦውን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ባለሙያ ነኛ!

አንድ ረቡዕ ቀትር ላይ ባለቤቴ «ጡት አልይዝ አለችኝ» አለች።

«ተኝታ ነው።»

«አልተኛችም። አንተ ሰውዬ፣ ዓይኗን እያት!»

አየኋት። ዓይኗ ግማሽ ተከፍቷል፤ የሚያየው ግን የለም። እጇን ከጥቅሉ ውስጥ ስስበው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፈለፈ። ያን ጊዜ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ኮፍያዋን ዝቅ አደረግኩላት።

በሩ የተከፈተው በዚህ መሃል ነው። የካርቱሟ ልጅ ለአራሷ ምሳ ይዛ መጥታ ደፉ ላይ ቀጥ አለች።

«ያ ረብ! ይሄ ክፍል የዳቦ ምድጃ ነው!» ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ እጇን ወደ ልጄ ብርድ ልብስ ሰደደች።

መታኋት። እጇን ነው የመታኋት፤ ግን መታኋት።

«እጅሽን ሰብስቢ! የራስሽን እንደፈለግሽ አድርጊው፣ የኔን ተይልኝ!»

አልጮኸችም። እጇን እያሻሸች «ትሞታለች» አለች ብቻ።

ባለቤቴ ከአልጋ ወረደች። «ክርስትና እንኳ አልተነሳችም» አለች፤ ነጠላዋን ትፈልጋለች። «ሐኪም ካላያት እስከ ሶባ ሆስፒታል በእግሬ ነው የምሄደው። ከፈለግህ ቅር።»

ሹፌሩ ለምሳ ገብቶ ስለነበር አምጃዷን አስነሳ። እኔ ነፋስ እንዳይመታት መስኮቱ ይዘጋ አልኩ፤ እሱም ዘጋ። የካርቱሟ ልጅ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ የሷን መስኮት እስከ ታች አወረደችው።

«ዝጊ!»

ዞራም አላየችኝ። ልጄ እቅፌ ውስጥ እየቀለለችብኝ፣ እኔን ያናደደኝ አለመታዘዟ ነበር። ሰው እንዲህም ይደነቁራል።

ሆስፒታሉ ስንደርስ የተቀበለችን በዕድሜ ጠና ያለች ሱዳናዊት ነርስ ናት። ልጄን ጠረጴዛ ላይ አስተኛችና መፍታት ጀመረች። ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ሌላ ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ሹራብ፣ ሁለት ካናቴራ፣ መጠቅለያ ጨርቅ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ። እያንዳንዱን ስትፈታ ቀና ብላ ታየኛለች። ክምሩ ከልጄ በላይ ሆነ። ከሥሩ የወጣችው የተላጠች ድንች የምታህል ቀይ ነገር ናት።

«ያ ሐጅ» አለችኝ በአረብኛ፣ «በረዶው የት አለ?»

አስተርጓሚ አላስፈለገኝም፤ በክፉ ዕድሌ አረብኛ ጠንቅቄ እሰማለሁ።

በለብ ያለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አበሷት፤ ማራገቢያ ከፈቱ። ሐኪሙ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ ደሟን ወስዶ አስመረመረ፤ ሌላ በሽታ እንደሌለባት እስኪያረጋግጥ ትቆያለች አለን። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ሥራህ ምንድነው፣ አባት?»

«ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስቅ ኖሬ፣ ያን ያህል የሚያስቅ ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አንድ ሰው እንኳ አልሳቀልኝም። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጄ ስታለቅስ አመሻሽ ላይ ሆነ። ለቅሶ አይባልም፣ ንዴት ነው። እግሯን እያወራጨች፣ እንደ አባቷ ቀልታ ጮኸች። ቀጥሎም ጡት ያዘች። በሦስተኛው ቀን ደህና ናት ብለው ሸኙን።

ቀኑ አርብ ነበርና ኒሙ ሥር ተሰበሰቡ። ሹፌሩም ሚስቱም ወጥተዋል፤ ልጃቸው አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ተነስቷል። እሷ ታቅፋዋለች። የሚታየኝ አፍንጫው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሹራብና ብርድ ልብስ ነው።

«ፍቱት» አልኳቸው። «እኔ ስለ ሕፃን ምንም የማውቀው የለም። የቀባጠርኩትን ሁሉ ከራሴ ነው ያመጣሁት። ልጄን ልገድላት ነበር።»

ሳቁ።

«ጋሼ ደግሞ! ደንግጠው ነው» አለ ሹፌሩ። «ምቿ ወጣላት፣ ተመስገን ነው።»

«ምች አይደለም! እኔ ነኝ!»

የባሰ ሳቁ። የዘመኔን ግማሽ ስቀልድ ኖሬ እውነቱን ስናገር ማን ይመነኝ። ጥርሴን ነክሼ ክፍሌ ገባሁ። ሹራቤን ለበስኩ፣ ካፖርቴን ደረብኩ፣ የሱፍ ቆቤን እስከ ቅንድቤ አጠለቅኩ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናነብኩ፤ ወንበር ይዤ ወጥቼ መሃል ፀሐይ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ያ ልጅ እስኪፈታ አልነሳም።»

መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አነሱኝ። ሹፌሩ «ክረምቱ እንዴት ነው፣ ጋሼ?» እያለ አጨበጨበ። ቀስ በቀስ ላቤ በካፖርቱ እጅጌ መንጠባጠብ ጀመረ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ከንፈሬ ተጣበቀ። ሳቁ አንድ በአንድ ቆመ።

«ተነስ፣ አንተ እብድ!» አለች ባለቤቴ ካፖርቴን እየጎተተች። «የምታሳድጋት ልጅ አለችህ!»

«እሱም ልጅ ነው!»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ጠቅልሉ ያሉን?» አለ ሹፌሩ፣ አሁን በቁጣ።

«እኔ ነኝ! ለዚህ ነዋ የምቀቀለው!»

ልነሳ ብል እንኳ የምችል አልመሰለኝም፤ ግቢው መሽከርከር ጀምሯል። የሹፌሩ ሚስት ይህን ስታይ ተንጨርጭራ ብርድ ልብሱን ገፈፈች፣ ሹራቡን ሳበች። «ይኸው! ይኸው፣ ፈታሁት! ይነሱልን በቃ!» አለች። ቀጥላም የልጇ የአንገት እጥፋት ተልጦ፣ ብብቱ ሥር ቆዳው ቆስሎ አየችው። ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተንጠራራ። ሹፌሩ አጎንብሶ አየና ሄዶ የክፍላቸውን መስኮት በርግዶ ከፈተው።

እኔ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ወረደብኝ። ያፈሰሰችው የካርቱሟ ልጅ ናት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት፣ ውሃው ከቆቤ እየተንጠባጠበ። «ስለ እጅሽም፣ ስለ ሌላውም።»

«ነገ ይጠይቁኝ። ዛሬ ተናድጃለሁ።»

በማግስቱ ሄድኩ። አሁንም እንደተናደደች ነበር። ከዚያ በኋላም ሄድኩ፤ በሩን አልከፈተችም። እውነቷን ነው፤ እኔም በራሴ ላይ የያዝኩት ቂም አልለቀቀኝም ነበር። በሌላው ሳምንት በሩን ከፈተችና ልጇን ከነዳይፐሩ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ባልዲዋን አንስታ ወደ ቧንቧው ስትሄድ ዞር አለች።

«ልብስ እስካጥብ ይያዙልኝ» አለች። «ምክር ግን እንዳይሰጡት።»